ቁልፍ ቢነካም ባይነካም 10 ሰከንድ ሲሞላ እንዲያልፍ ማድረግ (ኪውቤዚክ)

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ሲና አካባቢ ሒሳብ አስተምራለሁ። እኛ ጋ አራት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉ። ኢንተርኔት የላቸውም። ዊንዶውስ 98 ናቸው፣ ኪውቤዚክ የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ተጭኖባቸዋል። ለ6ኛ እና ለ7ኛ ክፍል ልጆች የማባዣ መለማመጃ እየጻፍኩ ነው። 7 ጊዜ 8 ብሎ ይጠይቃል፣ ከሥሩ አራት ምርጫ ይደረድራል፣ ልጁ ከ1 እስከ 4 አንዱን ይጫናል።

ችግሬ ኢንፑት የሚባለው መልስ መቀበያ ትዕዛዝ ነው። ኢንፑት ካልኩ ልጁ ኢንተር እስኪመታ ድረስ ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠብቃል። ልጁ ዝም ካለ እሱም ዝም። እኔ የምፈልገው ልጁ አንዲት ቁልፍ እንደነካ ወዲያው እንዲቀበለኝ ነው። 10 ሰከንድ ከሞላ ደግሞ ሳይነካም ቢሆን ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንዲሄድ።

የተነካ ቁልፍ የሚያነብ ኢንኪ$ የሚባል ትዕዛዝ እንዳለ አንብቤ እንዲህ ሞከርኩት፦

መጨረሻ = ታይመር + 10
ዱ
ሉፕ አንቲል ኢንኪ$ <> "" ኦር ታይመር = መጨረሻ
መልስ$ = ኢንኪ$

ልጁ 3ን ሲጫን ከሉፑ፣ ከሚደጋገመው ክፍል፣ ይወጣል፤ መልስ$ን ሳየው ግን ባዶ ነው። ሰዓቱም አልሆነልኝም። አንዳንዴ ይቆማል፣ ብዙ ጊዜ ግን 10 ሰከንዱ አልፎም ዝም ብሎ ይዞራል። ትዕዛዞቹን በፊደላችን የጻፍኩት በስልክ ስለሆንኩ ነው፤ ማሽኑ ላይ በላቲን ነው ያሉት።

ጠባሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:48

ቲቸር፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው። ሐሳብዎ ልክ ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው።

መጀመሪያ ኢንኪ$። የተነኩ ቁልፎች ተራ ይዘው ይቆማሉ። ኢንኪ$ን በጠሩት ቁጥር ከተራው ፊት ያለውን አንስቶ ይሰጥዎታል። አንዴ ካነሳው ተራው ላይ የለም። የእርስዎ ፕሮግራም ሉፑ ላይ ጠራው፣ 3ን አነሳ፣ "ባዶ አይደለም" ብሎ ወጣ፣ 3ን ግን የትም አላስቀመጠውም። ከሉፑ በታች ሁለተኛ ሲጠሩት ተራው ላይ ምንም አልቀረም። ስለዚህ አንዴ ብቻ ይጥሩት፣ ያገኘውንም ወዲያው ይያዙት።

ሁለተኛ ታይመር። ታይመር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ነው የሚሰጠው። ቁጥሩ ግን እየተንሸራተተ አይሄድም፣ እየዘለለ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ሰዓት በሰከንድ 18 ጊዜ ያህል ነው የሚመታው፣ አንዱ ምት 55 ሚሊሰከንድ ገደማ። የእርስዎ መጨረሻ በሁለት ምት መካከል ከወደቀ ታይመር ከበታቹ ወደ በላዩ ይዘላል፣ እኩል ሳይሆን ያልፈዋል። እኩል ከማለት ይልቅ ይበልጣል ወይም እኩል ይበሉት፦

መጨረሻ = ታይመር + 10
ዱ
  ቁልፍ$ = ኢንኪ$
ሉፕ አንቲል ቁልፍ$ <> "" ኦር ታይመር >= መጨረሻ

ከሉፑ ሲወጡ ቁልፍ$ ባዶ ከሆነ ሰዓቱ አልቋል ማለት ነው። ባዶ ካልሆነ ልጁ ነክቷል። ሌላ ምልክት አያስፈልግዎትም።

አንኮበሬው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ጥሩ መልስ ነው። እኔ እንኳ አንድ ነገር ላክል። ኢንፑት$ የሚባልም አለ። በቅንፍ 1 ብትሰጪው አንድ ቁልፍ ይቀበላል፣ ኢንተርም አይጠይቅም። ግን ሰዓት አያውቅም፣ እስኪነካ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ከኢንኪ$ ጋር ያምታታዋል።

ስሊፕም አለልሽ። ስሊፕ 10 ካልሽው 10 ሰከንድ ይተኛል፣ ቁልፍ ከተነካ ግን ቀድሞ ይነቃል። የነቃበት ቁልፍ ተራው ላይ ስለሚቆይ ከሥር በኢንኪ$ ታነሺዋለሽ። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን ልጁ በስሕተት ሌላ ቁልፍ ቢነካ ጥበቃው በዚያው ያበቃል። ሰዓቱ ሲቀንስ በስክሪን ላይ ማሳየትም አትችይም፣ ፕሮግራሙ ተኝቷላ። ለፈተና የጠባሴው ልጅ መንገድ ይሻላል።

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:55

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሠርቷል! ዛሬ ከሰዓት 12 ልጆች ሞከሩት። ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ደስታ ባያችሁ።

ግን ነገር አየሁ። አንዷ ልጅ የመጀመሪያውን ጥያቄ በትክክል መለሰች። ሁለተኛው ገና ብቅ እንዳለ "ስሕተት" ብሎ አለፈ። ልጅቷ ደነገጠች። ሁለተኛውን ጥያቄ አላነበበችውም እንኳ። ሌላ ልጅ ደግሞ እየጠበቀ ቁልፉን ተጭኖ ያዘው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ጥያቄዎች በሙሉ ተከታትለው አለፉ። ልጁ እጁን አንስቶ እያለ ፕሮግራሙ ብቻውን ይመልሳል።

ሮቢት ማሾ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

እህቴ፣ ልጅቷ ከቁጥሩ በኋላ ኢንተር መትታለች፣ ጠይቂያት። ኢንተር መምታት የለመደ እጅ ሳያስበው ይመታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥሩን ወሰደ። ኢንተሩ ተራው ላይ ቀረ። ሁለተኛው ጥያቄ እንደመጣ ኢንኪ$ ኢንተሩን አገኘው፣ ኢንተር ደግሞ ከምርጫዎቹ አንዱ አይደለም፣ ስሕተት አለ።

ተጭኖ የያዘውም ያው ነው። ቁልፍ ተጭነሽ ስትይዢ ኪቦርዱ ደጋግሞ ይልካል። የማሽኑ መያዣ እስከ 15 ቁልፍ ድረስ ያጠራቅማል። ልጁ እጁን ካነሳ በኋላ የመጡት መልሶች እነዚያ የተጠራቀሙት ናቸው።

መፍትሔው ጥያቄው ከመውጣቱ በፊት ተራውን ባዶ ማድረግ ነው፦

ዱ
ሉፕ አንቲል ኢንኪ$ = ""

እዚህ ጋ ያገኘውን መያዝ አያስፈልግም፣ መጣል ነው የፈለግነው። ቀጥሎ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ያልሆነ ቁልፍ ሲመጣ እንደ መልስ አትቁጠሪው። ዝም ብለሽ ተይውና ሰዓቱ እስኪያልቅ ጠብቂ። ሉፑ የሚያበቃው ትክክለኛ ምርጫ ሲነካ ወይም ጊዜው ሲያልቅ ብቻ ይሁን።

መጣያው ግን ከጥያቄው በፊት ይሁን፣ በኋላ እንዳይሆን። ጥያቄውን ካሳየሽ በኋላ ብትጥይ ፈጣኑ ልጅ የመለሰውን ትጥይበታለሽ።

የእንዋሪዋ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ቲቸር፣ ኪቦርዶቹ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፍ አላቸው? ካላቸው አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርዎት፣ እኔን ብዙ ቀን ስላለፋኝ። ነም ሎክ ጠፍቶ ከሆነ በቀኝ በኩል ያለው 2 ቁጥር አይደለም፣ የታች ቀስት ነው። ልጁ 2 የሚል ቁልፍ እያየ ይጫናል፣ ፕሮግራሙ ግን 2 አይደርሰውም።

እንዲህ ያሉ ቁልፎች ሲነኩ ኢንኪ$ ሁለት ፊደል ያለው ነገር ነው የሚሰጠው። የመጀመሪያው ኮዱ 0 ነው፣ ሁለተኛው የቁልፉ ቁጥር። በርዝመቱ ያውቁታል። ርዝመቱ (ሌን) 2 ከሆነ ሁለተኛውን ይዩ፦ 79 ከሆነ ልጁ 1ን ነው የተጫነው፣ 80 ከሆነ 2ን፣ 81 ከሆነ 3ን፣ 75 ከሆነ 4ን። አራት ኢፍ ("ከሆነ" የሚል ትዕዛዝ) ጨምረው ወደ ቁጥሩ ይመልሱት። ያን ጊዜ ነም ሎክ በራም ጠፋም ልጁ አይጎዳም።

እኔ ፍሪቤዚክ በሚባለው አዲስ ቤዚክ ላይ ነው የምሠራው። እዚያ የመጀመሪያው ኮድ 0 ሳይሆን 255 ነው፣ የቆየውን የኪውቤዚክ አሠራር ካልመረጡ በስተቀር። ፕሮግራሙን ወደ አዲስ ማሽን ካዘዋወሩት ይህን ያስታውሱ።

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

የእንዋሪዋ፣ አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ በፍጹም አላገኘውም ነበር። አንድ ጎበዝ ልጅ ሦስተኛው ማሽን ላይ ሁሌ ዜሮ ነበር የሚያመጣው። ዛሬ አጠገቡ ቆሜ እጁን አየሁ። በቀኝ በኩል ያሉትን ነው የሚጫነው። ነም ሎኩ ጠፍቷል። ሁለት ቀን ሙሉ "አጥና" እያልኩት ነበር። ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። አሁን አራቱን ኢፍ ጨምሬያለሁ።

ሐሳብ አለኝ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ሰላም ለሁላችሁ። ለምን ምርጫዎቹ ሀ ለ ሐ መ አይሆኑም? ልጆቹ ከደብተራቸው የሚያውቁት እሱን ነው።

ጠባሴ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:35

ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ኪውቤዚክ ፊደላችንን አያውቅም። ኪውቤዚክ ከኤምኤስ-ዶስ 5 ጋር እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የወጣው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚያገኙበት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለእሱ አንድ ፊደል ማለት አንድ ባይት፣ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር፣ ነው።

አዲስ ቤዚክ ብትጠቀምም ነገሩ አያልቅም። ሀ በዩቲኤፍ-8፣ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ፣ ሲጻፍ ሦስት ባይት ነው፦ 225፣ 136፣ 128። ባይት በባይት የሚያነብ ኢንኪ ሦስት ጊዜ ጠርተኸው ነው አንድ ሀ የምታገኘው። በዚያ ላይ ስልክህን አስበው። ብዙዎቻችን በላቲን ድምፅ ነው የምንጽፈው። ለን ለማግኘት ሁለት ቁልፍ እንነካለን። አንድ ቁልፍና አንድ ፊደል በአማርኛ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያው ቁልፍ ከተነካ በኋላ ሁለተኛው ይመጣል አይመጣም ብሎ የሚጠብቅ ፕሮግራም ካስፈለገህ፣ ያው ይኸው የምናወራው ሰዓት ያለው ጥበቃ ነው። ግን ለማባዣ ልምምድ ያን ያህል መሄድ አያስፈልግም።

ቲቸር፣ ፊደሉን ከፈለጉት በፕላስተር ይለጥፉት። ከላይ ባሉት 1፣ 2፣ 3፣ 4 ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው። ፕሮግራሙ ቁጥር ያያል፣ ልጁ ፊደል ያያል።

አንኮበሬው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

ወጣቶቹ ስትወያዩ ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። ይህ ችግር ከየት እንደመጣ ጥቂት ልበል።

ቤዚክ እ.ኤ.አ. በ1964 ዳርትማውዝ ኮሌጅ ሲጀመር ኢንፑት የሚባል ትዕዛዝ እንኳ አልነበረውም። ኬሚኒ እና ከርትዝ ናቸው የሠሩት። ተማሪው ቴሌታይፕ ላይ፣ ወረቀት ላይ የሚያትም ኪቦርድ ላይ፣ ይቀመጣል፣ ዳታውን ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ይጽፋል፣ ሩን ይላል፣ መልሱ ይታተምለታል። አንድ ማሽን ብዙ ሰው ይጋራው ስለነበር የሚላከው መስመር ሙሉ ነው። በአንድ ቁልፍ መነጋገር የሚባል ሐሳብ የመጣው ማሽኑ የአንድ ሰው ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 የሚባል የቤት ኮምፒውተር ጌት የሚባል ትዕዛዝ አለው፣ እንደ እናንተ ኢንኪ$ ሳይጠብቅ ያለውን ያነሳል። ሰዓቱን ደግሞ በሰከንድ 60 በሚቆጥር ቲአይ ታስይዋለሽ።

በጣም የምወደው ግን ቢቢሲ ቤዚክ ነው። ሶፊ ዊልሰን ናት የጻፈችው፣ ማሽኑ ቢቢሲ ማይክሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። እዚያ ኢንኪ$ ብለሽ በቅንፍ 1000 ከሰጠሽው፣ አንድ ሺህ መቶኛ ሰከንድ፣ ማለት 10 ሰከንድ ይጠብቅልሻል። ቁልፍ ከመጣ ይሰጥሻል፣ ካልመጣ ባዶ ይመልሳል። ሉፕ የለም፣ ታይመር የለም፣ ያ ሁሉ በአንድ ቃል አለቀ። ያለ ዶላር ምልክቱ ከጠራሽው ኮዱን ይሰጥሻል፣ ጊዜው ካለቀ -1። በቀድሞዎቹ ማሽኖች ላይ ትልቁ ቁጥር 32767 ነው፣ 5 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ ገደማ። አሉታዊ ቁጥር ከሰጠሽው ደግሞ ተራውን ትቶ አንዲት የተወሰነች ቁልፍ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ ተጭናለች ወይ ብሎ ያያል። -99 ለምሳሌ የባዶ ቦታ ቁልፉ ናት። ሁለት ልጆች አንድ ኪቦርድ ላይ ማን ቀደመ ብለው ሲወዳደሩ ከዚህ የተሻለ የለም።

ይኸው ቤዚክ ዛሬ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል። ማሽኖቹ አራት ብቻ ከሆኑ፣ ስልክ ያለው ልጅ በስልኩ ሊለማመድ ይችላል።

የእንዋሪዋ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:15

በጋሼ ላይ አንድ ልጨምር። የዱ ሉፑ መንገድ አንድ ጉዳት አለው። ማሽኑ ምንም ሳይሠራ እየሮጠ ነው። በሰከንድ እልፍ ጊዜ "ነካ? ነካ?" ይላል። አሮጌ ማሽን ላይ አይታወቅም። ላፕቶፕ ላይ ግን ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። መብራት ሄዶ በባትሪ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል።

ፍሪቤዚክ ላይ በሉፑ ውስጥ ስሊፕ 20፣ 1 ማለት ነው። 20 ሚሊሰከንድ ያርፋል። ያ 1 ቁልፍ ሲነካ እንዳይቀሰቀስ ነው፣ ለአጭር ዕረፍት ግድ የለም። ኪውቢ64 በሚባለው ሌላ ቤዚክ ላይ ሊሚት 30 ይባላል፣ ከፊቱ የሥር ሰረዝ አለው። ሉፑ በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ አይዞርም። 30 ጊዜ ለሰው ጣት ይበቃል።

ሮቢት ማሾ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:40

እኔ የማነሣው የኮድ ነገር አይደለም። እህቴ፣ 10 ሰከንዱን ከየት አመጣሽው? ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ 7 ጊዜ 8ን በ2 ሰከንድ ሊያውቀው ይችላል፣ 3 የምትለዋን ቁልፍ ለማግኘት ግን ሌላ 5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ያ አያስቸግረውም። ያን ጊዜ የምትለኪው ሒሳቡን አይደለም፣ ጣቱን ነው።

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:30

ልክ ነህ። እውነቱን ለመናገር 10 የመጣው ከራሴ እጅ ነው።

ጠዋት አንድ ነገር ሞከርኩ። ከፈተናው በፊት ፕሮግራሙ አምስት ጊዜ "3ን ተጫን"፣ "1ን ተጫን" እያለ ቁጥር ብቻ ያሳያል። ሒሳብ የለውም። እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደወሰደ ይይዛል። ከአምስቱ መካከለኛውን ይወስድና በ10ሩ ላይ ይጨምርለታል። አማካይ ያላደረግኩት አንዱን ጊዜ ልጁ ዞር ብሎ ከሆነ ቁጥሩን እንዳያበላሽብኝ ነው። ከገጠር የምትመጣ አንዲት ልጅ መካከለኛዋ 6 ሰከንድ ሆነ። ለእሷ 16 ሰከንድ ሰጣት። ትናንት ከ20 ጥያቄ 7 ነበር ያገኘችው። ዛሬ 17። ቀና ብላ ስታየኝ የነበረው ፊቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

መነሻውንም አዛወርኩት። ታይመርን የማነበው አራቱ ምርጫዎች ስክሪን ላይ ተጽፈው ካለቁ በኋላ ነው። ቀድሞ ከመጻፉ በፊት ነበር።

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:05

አዲስ ችግር ይዤ መጣሁ፣ ይኼኛው ግራ አጋብቶኛል።

ፕሮግራሙን ለማታ ተማሪዎች የሚያስተምር ባልደረባዬ ወስዶት ነበር። እነሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ጥያቄውም ብዙ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው ፈተና 40 ደቂቃ ሰጠሁት። በፈተናው መጀመሪያ ላይ መጨረሻ = ታይመር + 2400። ቀሪው ሰከንድ በስክሪኑ ጥግ ይቆጥራል።

ልክ ከ11:40 ጀመሩ። 12 ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ እንደገባች፣ ጥጉ ላይ የነበረው 1201 በአንዴ 87600 ሆነ። ሦስቱ ማሽኖች ላይ እኩል። አራተኛው ምንም አልሆነም፣ በሰዓቱ ጨርሶ ዘጋ። ሦስቱ ላይ ፈተናው አላልቅ ብሎ በእጅ አስቆሙት። ሐሙስም እንደዚሁ ሆኖ ነበር አሉኝ፣ በዚያው ሰዓት። ቀን ቀን አንዴም ሆኖ አያውቅም።

ሮቢት ማሾ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:30

12 ሰዓት ሁሉም ቤት መብራት የሚያበራበት ሰዓት ነው። ኃይሉ ይደክማል። አሮጌ ማሽን ደግሞ ኃይል ሲወርድ ይቃዣል። ስታቢላይዘር አላችሁ?

ጠባሴ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:50

አይመስለኝም። አራቱም በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ አራተኛው ለምን ዳነ? ኃይል ቢወርድ ደግሞ ማሽኑ ይጠፋል ወይ ይነሣል እንጂ ሦስት ማሽን አንድ ዓይነት ቁጥር አያወጣም።

ቁጥሩ ነው የሚናገረው። 87600 ሲቀነስ 2400፣ 85200 ነው። 85200 ሰከንድ ማለት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ 23 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ማሽኖቹ ፈተናው ሲጀመር እኩለ ሌሊት ሊሆን 20 ደቂቃ የቀረው መስሏቸዋል። 20 ደቂቃው ሲሞላ ታይመር ወደ 0 ተመለሰ። ቀሪው 87600 ሲቀነስ 0። ታይመር ደግሞ ከ86400 በላይ አይሄድም፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ በጭራሽ አይደርስም።

ይህ በኪውቤዚክ የታወቀ ነገር ነው። እኔ ጥፋቱን በመጀመሪያው መልሴ ላይ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ግን በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው መሆን ያለበት። ለምን በ12 ሆነ? እሱ አልገባኝም።

አንኮበሬው
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:20

ልጄ፣ ነገ ሄደሽ የኮምፒውተሩን ሰዓት እዪው። ከስልክሽ ጋር አስተያዪው። ቁጥሩን ብቻ አይደለም፣ ከጎኑ ያለችውንም እዪ።

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 6:10

ጋሼ! አሁን ከዚያው ነው የምጽፈው።

5:22 ላይ ገባሁ። ኮምፒውተሩም 5:22 ይላል። ልክ ነው ብዬ ልተወው ነበር፣ ስንት ጊዜ አይቼ ልክ ነው ብዬ ያለፍኩት ነው። ከጎኑ ያለውን ሳይ ፒኤም ይላል። ሰዓቱን የሞላው ሰው በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላው። ማሽኑ ፒኤም ላይ ነበር፣ ቁጥሩን ብቻ አስተካክሎ ተወው። ለእኛ ረፋድ 5:22 ነው፣ ለማሽኑ ደግሞ ከሰዓት በኋላ 5:22። ስለዚህ ለእኛ 12 ሰዓት ሲመሽ ለእሱ እኩለ ሌሊት ነው።

አራተኛው ማሽን ላይ ኤኤም ነው ያለው። እሱ እኩለ ሌሊቱ የሚሆነው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ክፍሉ ዝግ ነው።

አንኮበሬው
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:00

ገምቼ ነበር። እኔም ቤት ያለው ማሽን እንዲሁ ተሞልቶ ነው የኖረው። ሰዓቱን አስተካክዪው፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኚ። ነገ ባትሪው ይደክምና ሰዓቱ እንደገና ይዛባል፣ ወይም ሌላ ሰው መጥቶ በእኛ ሰዓት ይሞላዋል። ፕሮግራሙ ራሱ ይቻለው።

ጠባሴ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:25

እንዲህ ያድርጉት ቲቸር። መጨረሻውን አያስሉ፣ ያለፈውን ያስሉ (ገደብ ያልኩት የሚፈቅዱት ሰከንድ ነው)፦

መነሻ = ታይመር
ዱ
  ቁልፍ$ = ኢንኪ$
  ያለፈ = ታይመር - መነሻ
  ኢፍ ያለፈ < 0 ዘን ያለፈ = ያለፈ + 86400
ሉፕ አንቲል ቁልፍ$ <> "" ኦር ያለፈ >= ገደብ

እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ታይመር ትንሽ ቁጥር ይሆናል፣ ቅነሳው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ የአንድ ቀን ሰከንድ ይጨመርበታል፣ ትክክለኛው ይመጣል። ከ24 ሰዓት ላነሰ ጊዜ ሁሉ ይሠራል። ያንኑ መስመር ለ40 ደቂቃውም ያስገቡት፣ እዚያ ነው የጎዳዎት።

ለመሞከር ማታ መጠበቅ የለብዎትም። የማሽኑን ሰዓት 11:59:30 ፒኤም ያድርጉትና ፈተናውን ይጀምሩ። ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ያዩታል። ከዚያ ሰዓቱን መመለስ አይርሱ።

የእንዋሪዋ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:40

ቲቸር፣ "3ን ተጫን" የሚለው ልምምድ ላይም ይህችን መስመር ያስገቡ። አንዱ ልጅ በዚያች ቅጽበት ቢያጋጥመው አሉታዊ ሰከንድ ይመዘገብበታል፣ ተጨማሪውም ይቀርበታል።

የደብረ ሲናዋ መምህርት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:15

ሦስቱም ቦታ ላይ አስገባሁት፦ ጥያቄው፣ ልምምዱ፣ ጠቅላላው። ቅዳሜ በ11:59:30 ሞከርኩት፣ ምንም አልዘለለም።

የሦስቱን ማሽኖች ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ማታ ሆን ብዬ እንደተዛባ ተውኩት። ባልደረባዬን አስፈቅጄ ከማታ ተማሪዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። በ11:40 ጀመሩ። መስኮቱ በኩል ብርሃኑ እየቀነሰ ሄደ፣ ዓይኔ ከጥጉ ላይ አልተነሣም። 1202፣ 1201፣ 1200፣ 1199። 12:20 ሲሆን አራቱም አንድ ላይ ዘጉ። ሰዓቱን ከዚያ በኋላ አስተካከልኩት።

ጠባሴ፣ ፕሮግራሙን የሚፈልግ ሌላ ትምህርት ቤት ካለ በፍላሽ እሰጣለሁ። ፕላስተሩንም ለጥፌያለሁ፣ ሐ የሚለው ብቻ ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ልጆቹ ይነካኩታል።

ጠባሴ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:32

ደብረ ብርሃን ሁለት የሚፈልጉ አሉ። ሐሙስ ታርማበርን ወርጄ እመጣለሁ፣ ፍላሽ ይዤ። በሰፊው ግልጽ ፕላስተር ከላይ ቢሸፍኑት አይነሣም፣ እሱንም አመጣለሁ።